ዲያቆኑ ማን እንደሆነ አልታወቀም

ሰልዊን ብራክንበሪ ሃያ ሁለት ፖስተር ነበረው። ሃያ ሦስተኛው አልነበረውም። ሰው ሁሉ ያሉትን እያየ ሲያደንቅለት እሱ የሚያወራው ስለሌለው ብቻ ነበር። ሚስቱ ግሌኒስ ታዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "የኔ ሰውዬ በጎቹን ሁሉ ትቶ አንዲቷን ፍለጋ የወጣ እረኛ ነው። ልዩነቱ የሱ በግ ወረቀት ናት" ትላለች።

ፖስተሮቹ ሁሉ የአንድ ባንድ ናቸው። የባንዱ ስም ዲያቆን ላርክስፐር ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ ደህና መንፈሳዊ ሰው የሚጠብቅ ካለ ይሳሳታል፤ ከመካከላቸው ዲያቆንም አልነበረ፣ ላርክስፐር የሚባልም አልነበረ። ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ አራት ወጣቶች ነበሩ። ዘመኑ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ የገነነበት፣ አንድ ዘፈን የአንድ ስብከት ያህል የሚረዝምበትና አድማጩም ተቀምጦ ጸጥ ብሎ የሚሰማበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጸደይ እንግሊዝን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረው ሃያ ሦስት ምሽት ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ በምን እንደሆነ ሳይታወቅ ተጣልተው ተበተኑ።

በየከተማው ለየምሽቱ የተለጠፈው ፖስተር ግን ቀረ። ክንፍ ያለው ዓሣ፣ በደመና ላይ የቆመ ግንብ፣ ጢሙ ወንዝ ሆኖ የሚፈስ ሽማግሌ። ፊደሎቹ ደግሞ እሳት አጠገብ እንደቆየ ቅቤ የተዝለገለጉ ናቸው። ሰልዊን፣ "የሼፊልዱን አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል" ይላል፤ የሚለውም በኩራት ነው።

የጎደለው ሃያ ሦስተኛው የራሱ ከተማ የስካርስቢ ነበር።

ባንዱ እዚያ የተጫወተ ቀን ሰልዊን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ከዘር መጋዘኑ ሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ በባፕቲስቶቹ ጸሎት ቤት የጎን በር ላይ አንድ ቫን ቆሞ አየ። በቫኑ ላይ በወርቃማ ቀለም የባንዱ ስም ተጽፏል። ዓይኑን አላመነም። ከበርሚንግሃምና ከሎንደን አዳራሾች ሌላ የማያውቁ የመሰሉት ሰዎች የሱ ከተማ ድረስ መጡ! በዋናው በር አልዞረም፣ የተለጠፈ ነገር አላነበበም፤ በጎን በር ሰተት ብሎ ገብቶ መድረኩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊት የተደረደሩት ኮፍያ ያደረጉ ባልቴቶች ምን ሊሰሙ እንደመጡ ለመጠየቅ እንኳን አላሰበም። ኦርጋኑ ሲጀምር የሆነ ነገር ደረቱ ውስጥ ተከፈተ። ዛሬም ድረስ ያንን ነገር በቃል ሊገልጽ ሲሞክር እጁን ያወናጭፋል እንጂ አይወጣለትም።

ከባልቴቶቹ አጠገብ አንዲት ጓንቷ የጠፋባት ልጅ ነበረች። ጓንቷን አብሯት ፈለገላት። የሚቀጥለው እሑድ እሷን ሊያይ መጣ፤ የሚቀጥለውም እሑድ መጣ። እንዲህ እያለ ለኦርጋን የገባበት ቤት ለግሌኒስ ተመላለሰበትና በመጨረሻ ለጌታ ብሎ እዚያው ቀረ። አሁን ስድሳዎቹን አጋምሷል፤ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ኃላፊም እሱ ነው። ቁልፉን ይይዛል፣ ወንበሩን ይደረድራል፣ ማሞቂያው ሲያኮርፍ ያባብላል።

ፖስተሩን ግን ያልፈለገበት ጉድጓድ የለም። በጋዜጣ መሸጫዎች መስኮት ላይ ካርድ ለጠፈ። የሞቱ ሰዎች ቤት ሲራገፍ ቆሞ ጠበቀ፣ ቆጥ ላይ ወጥቶ ሳል ይዞት ወረደ። ግሌኒስንማ ስንቴ ጠይቋታል። "እስቲ አስታውሺ፣ ያን ቀን ፖስተር አላየሽም?" "አላየሁም።" "ዓሣ ያለበት? ግንብ ያለበት?" "ሰልዊን፣ ክንፍ ያለው ዓሣ ባይ እረሳለሁ?"

እንግዲህ ነገሩ እንደዚህ ሆኖ ሊኖር ይችል ነበር፤ የአይቮር ትሬምሌት ደብዳቤ ባይመጣ።

አይቮር የበርሚንግሃም ሰው ነው። ከፖስተር ሰብሳቢዎቹ ሁሉ አንቱ የተባለ ነው፤ ስለ ዲያቆን ላርክስፐር ጉዞ እያንዳንዱን ምሽት ከነፖስተሩ የሚዘረዝር መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ወረቀት የሌለው ምሽት አይገባም። የስካርስቢው ደግሞ በጋዜጣ እንኳን አልወጣም። ባንዱ ሊጫወትበት የነበረው አዳራሽ ጣሪያው አፍስሶ ስለተሰረዘ በሁለት ቀን ውስጥ በስልክ የተገኘ ቦታ ነበርና። ደብዳቤው በጣም ጨዋ ነው። ሰኞ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ ቅዳሜ መጥቶ ሃያ ሁለቱን ፎቶ ማንሳት እንደሚፈልግ ይገልጽና እንዲህ ብሎ ይጨርሳል፤ "ስለ ስካርስቢ አዝናለሁ። ምናልባት የምታስታውሰው በሊንከን ከተማ የተጫወቱትን ይሆን?"

ሰልዊን ቁርሱን ገፋ አደረገው።

"ውሸታም ነህ ነው የሚለኝ።"

"አላለም" አለች ግሌኒስ ደብዳቤውን በመነጽሯ ጫፍ እያየች። "ጃጅተሃል ነው የሚለው። በጣም በጥሩ አጻጻፍ።"

"ካንቺ ጋር የተዋወቅንበት ቀን እኮ ነው! መጽሐፍ ሲታተም ቀኑ ራሱ እንዳልነበረ ሊሆን ነው።"

"እኔ ግን አለሁ አይደል? ወይስ እኔም ሰኞ ማተሚያ ቤት ገብቼ ልጣራ?"

ሳቀ፣ ግን እንቁላሉን አልበላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰልዊን ረጃጅሞቹን ጠረጴዛዎች አዳራሹ ውስጥ ገጥሞ ፖስተሮቹን ዘረጋ፤ ሳሎናቸው ሦስቱን እንኳን ጎን ለጎን አይችልም። አይቮር ደረሰ። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት ከኪሱ የማይለየው ሰው ነው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ጎንበስ እያለ ዞረ።

"አንተ ሰው! የኖሪቹ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼ አላውቅም። የት ነው የምታስቀምጠው?"

"አልጋችን ሥር" አለች ግሌኒስ፣ የሻይ ውኃ ከምታፈላበት ጥግ። "እኔ ስገላበጥ እንኳን 'ቀስ በይ፣ ኖሪች አለ' ይለኛል።"

"ትክክሉን ነው።"

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጌታ ይማራችሁ።"

አይቮር ሁሉንም ፎቶ አነሳ። ለእያንዳንዱ ፖስተር አንድ ትንሽ ሥርዓት አለው፤ ከፊቱ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያ በሁለት ጣት ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ሰብሳቢ ሆኖ የወረቀት ጀርባ ሳያይ የሚያልፍ የለም። ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስካርስቢን በተመለከተ…"

"ነበርኩ አልኩህ።"

"ወንድሜ፣ አልነበርክም አላልኩም። ግን አንዱን በቃል ካስገባሁ የግሪምስቢው ሰውዬ ነገ መጥቶ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ተጫውተዋል ይለኛል። ያንንስ ምን እለዋለሁ?"

"ግሌኒስም ነበረች። ጠይቃት።"

"ሚስት ምስክር አትሆንም። የኔዋ 'ቀጭን ነህ' ትለኛለች።"

"ከምን ጋር አወዳድራ ይሆን?" አለች ግሌኒስ ሻዩን እያቀረበች።

ሦስቱም ሳቁ፤ ሰልዊን ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰ። የኖሪቹን ፖስተር ጠርዝ በመዳፉ ያቀናል፤ ጠርዙ የተቃና ነበር። ያን ምሽት ሃምሳ ዓመት ተርኮታል፤ ለልጆቹ፣ ለሰብሳቢዎቹ፣ አንድ ጊዜም በዚሁ ጸሎት ቤት እንዴት እንደመጣ ሲመሰክር። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። አሁን አንድ ጨዋ ሰው ፊቱ ቆሞ በጨዋ ቋንቋ ያ ቀን አልነበረም ሊለው ነው፤ ሰኞ ደግሞ ይታተማል።

አይቮር ሻዩን ጠጥቶ ኩባያውን ከነዝቃጩ መታጠቢያው ላይ አኖረና ካሜራውን ወደ መሸከፉ ሄደ።

"ሚስተር ትሬምሌት" አለች ግሌኒስ። በጣቷ ከመታጠቢያው በላይ ወደ ግድግዳው አመለከተች።

እዚያ በቡናማ ወረቀት ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦

ኩባያህን እጠብ። ማንም ባያይህ ጌታ ያይሃል።

"ይቅርታ!" አለ አይቮር ተመልሶ እጅጌውን እየሰበሰበ። "እንዴት ያለ የሚያስፈራ ማስታወቂያ ነው! ማን ጻፈው?"

"ሚስተር ፔትች። ነፍሱን ይማረውና ከሰልዊን በፊት፣ ከሰልዊን በፊት ከነበረውም በፊት የአዳራሹ ኃላፊ ነበር። ዲያቆኑን የጋበዘው እኮ እሱ ነው።"

"የቱን ዲያቆን?"

"ዲያቆን ላርክስፐርን ነዋ! አንድ ሰው ደውሎ 'ዲያቆን ላርክስፐር ነን፣ ኦርጋን አለን፣ ሐሙስ አዳራሻችሁን ማግኘት እንችላለን ወይ' አለው። ሚስተር ፔትች ከሌላ ከተማ ጸሎት ቤት የመጣ ዲያቆን መስሎት በደስታ ተቀበለ።"

እዚህ ላይ ሚስተር ፔትችን የሚወቅስ ካለ ባፕቲስቶችን አያውቅም። በነሱ ዘንድ ዲያቆን ሲባል ጠና ያለ፣ ክራባት ያሰረ፣ ስለ ጣሪያ ጥገና የሚጨነቅ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ከዲያቆን ስልክ ተደውሎ እምቢ ማለት ነውር ነው።

"ማስታወቂያውንም ራሱ ጽፎ በር ላይ ለጠፈ" ቀጠለች ግሌኒስ። "እናቴ አዲሱን ኮፍያዋን ያደረገችው ለምን ይመስላችኋል? የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ጆሮዋን ይዛ ወጣች፣ ሚስኪን።"

ሰልዊን ኩባያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ምን ለጠፈ አልሽ?"

"ማስታወቂያ።"

"ግሌኒስ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፖስተር ነበረ ወይ እያልኩ ስጠይቅሽ…"

"ፖስተርማ አልነበረም! አንተ ፖስተር ስትል ክንፍ ያለው ዓሣ ነው የምትለኝ። ይሄ የሚስተር ፔትች ማስታወቂያ ነው፤ በጥቁር ቀለም፣ ዳር ዳሩ በማስመሪያ የተሰመረ። ዓሣም የለበት፣ ግንብም የለበት።"

"አገሩን ሁሉ ስጠይቅ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?"

"አገሩን ሁሉ ስለ ዓሣ ነው የጠየቅኸው! ስለ ማስታወቂያ አንድ ሰው ጠይቀሃል? እኔን ጠይቀኸኛል?"

አልጠየቃትም። አይቮር እጁ ላይ የሳሙናው አረፋ እየተንጠባጠበ በመሐላቸው ቆሟል።

"ወይዘሮ ብራክንበሪ" አለ በቀጭን ድምፅ። "ያ ማስታወቂያ የት ደረሰ?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ሚስተር ፔትች እንደሆነ ወረቀት የሚባል ነገር አይጥልም። የመከር በዓሉን ማስታወቂያ ጀርባ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ጀርባ ለ…"

ቃሏን አልጨረሰችም። ሦስቱም አንድ ላይ ከመታጠቢያው በላይ ቀና አሉ።

ሰልዊን ያንን ወረቀት በየሰኞው በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል። ባለፈው ክረምት የሻዩ እንፋሎት እንዳያበላሸው ላስቲክ ያለበሰውም እሱ ነው። ግድግዳው ላይ በስምንት ሚስማር ስለተመታ ጀርባ ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። እንደ ግድግዳው አካል ነበር የሚያየው።

"ቆዩ" አለ።

ምን ሊያደርግ ነው ብለው ጠበቁ። ምንም አላደረገም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ለወረቀት መጸለይ ያሳፍረዋል፤ ዓለሙ በጦርነትና በበሽታ እየተጨነቀ ለወረቀት ጌታን ማስቸገር አይወድም። ስለዚህ በልቡ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይሄን እንዳልጠየቅሁህ ቁጠረው" አለ። ጥቂት ቆየና፣ "ግን ባዶ አይሁን" ብሎ ጨመረበት።

ግሌኒስ የቅቤ ቢላዋ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። ሰልዊን ሊወጣ ነበር፣ ቀደመችው። አይቮርም ሊወጣ ነበር፣ ወንበሩን አይቶ ተወው። ሚስማሮቹ አንድ በአንድ መታጠቢያው ውስጥ ቋ፣ ቋ እያሉ ወደቁ። ግሌኒስ ወረቀቱን ይዛ ወረደች፣ ጠረጴዛው ላይ በሼፊልድና በሊድስ መካከል አኖረችውና ገለበጠችው።

ሐሙስ፣ ማርች 16፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል
ዲያቆን ላርክስፐር
ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በኦርጋን ያገለግሉናል።
ሻይና ጣፋጭ ዳቦ አለ። ሁላችሁም ኑ።

ከሥሩ በእርሳስ፣ በሚስተር ፔትች ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ የአዳራሹ ልማድ እንደሚያዘው የምሽቱ ሁኔታ ተመዝግቧል፦

የመጣ ሰው 64። በመካከል የወጣ 31። የተቃጠለ ፊውዝ 3። ሳይታጠብ የቀረ ኩባያ 5። ዲያቆኑ ማን እንደሆነ አልታወቀም።

መጀመሪያ የሳቀው አይቮር ነው። ሆዱን ይዞ እየተንፈቀፈቀ ወንበር ላይ ወደቀ፤ ወንበሩ አቃሰተ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ጓንቱን አደረገና ተነሥቶ በዚያ በለመደው ሥርዓት ወረቀቱን አየ፣ አሸተተ።

"ማርች 16 ሐሙስ የዋለው ሰባ ሁለት ላይ ነው" አለ። ቀኖቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። "ቀለሙም የዘመኑ ነው። ሦስት ፊውዝ ደግሞ ያቃጠለ ዲያቆን በእንግሊዝ አገር አልነበረም።" ቀና ብሎ ሰልዊንን አየው። "ሊንከን ያልኩህን ይቅር በለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም።"

ሰልዊን ጣቱን "64" የሚለው ላይ አሳርፎ ቆሟል።

"ቆጥሮኛል" አለ። "ከስድሳ አራቱ አንዱ እኔ ነኝ።"

"በመካከል ከወጡት ሠላሳ አንድ ሰዎች ደግሞ አንዷ እናቴ ናት" አለች ግሌኒስ፤ ግን ይህን ስትል እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ ነበር።

አይቮር ወረቀቱን እስኪጠግብ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስማኝማ። ሁለተኛ ኖሪች አለኝ። ካርዲፍም አለኝ፣ የተፈረመበት። ሁለቱንም ልስጥህና ይሄን…"

"የኔ አይደለም።"

"እንዴ! ኃላፊው አንተ አይደለህ?"

"ለዚያ ነዋ። የጸሎት ቤቱ ነው።"

"እሺ፣ ቢያንስ ገልብጠህ ስቀለው! ሰው ያንብበው!"

"ኩባያውን ማን ሊያጥብ ነው ታዲያ?" አለች ግሌኒስ።

ስለዚህ ሰልዊን ስምንቱን ሚስማር ከመታጠቢያው ለቅሞ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አንድ አፍታ ያዝ አድርጎ፣ እንደ ነበረው መልሶ ሰቀለው፤ ጌታ ያይሃል የሚለው ወደ ሰው፣ ዲያቆኑ ወደ ግድግዳው። እነሆ ዛሬም ያለው ፖስተር ሃያ ሁለት ነው። በአይቮር መጽሐፍ ውስጥ ግን ስካርስቢ ሙሉ ገጽ አለው፤ ከሥሩም "ማስታወቂያ፣ ዓሣ የሌለው" የሚል ተጽፎበታል።

ያን ቅዳሜ አይቮር ካሜራውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ከደረሰ በኋላ ቆመ። ሰብሳቢ ነውና ትንሽ ነገር ያሳክከዋል።

"አንድ ነገር አልገባኝም። ሚስተር ፔትች ይሄን የኩባያ ነገር የጻፈው በማግስቱ ነው ማለት ነው፤ የባንዱ ልጆች ሳያጥቡ ስለሄዱ ተናዶ። ይሁን። ግን እነሱ አራት ናቸው። ነጂያቸውም ያኔ ትቷቸው ሄዶ ራሳቸው ነበሩ የሚነዱት፤ በመጽሐፌ ውስጥ አለ። አምስተኛው ኩባያ የማን ነው?"

"ከባልቴቶቹ የአንዷ ይሆናላ" አለ ሰልዊን።

"የኛ ባልቴቶች ኩባያ ሳያጥቡ?" አለች ግሌኒስ። እጆቿን አጣምራ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ከንፈሯ ዳር ላይ ያ የሚያውቀው የቀልድ ፈገግታ መጣ። "አንድ ልጅ ነበር፣ መድረኩ ሥር አፉን ከፍቶ የቀረ። ሻይ አምጥቼ አጠገቡ ባኖርለት እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም። ጓንቴን ደብቄ 'ጠፋብኝ' እስክለው ድረስ ዓይኑን ከዚያ ኦርጋን አልነቀለም። በማግስቱ ጠዋት አምስቱንም ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፤ ያንተው ሥሩ ላይ ስኳሩ ረግቶ ነበር።"

አይቮር ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ቆየና "እንግዲህ ይሄ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም" ብሎ ወጣ።

"ደብቀሽ ነበር?" አለ ሰልዊን።

"ምን?"

"ጓንትሽን።"

"ሂድና ኩባያህን እጠብ" አለችው።

ሄደ። የራሱን አጠበ፤ የሷንም ከጠረጴዛው አንሥቶ ጨመረ። ከላይ ያለውን ማስታወቂያ ቀና ብሎ አላየም፤ ውኃውን ከፍቶ ግን አንድ ነገር ያንጎራጉር ነበር፤ የስብከት ያህል የሚረዝም ነገር።